ፋራ የሚለኝ ሰው

ከአገር የወጣሁበት ምሽት ዝናባማ ነበር ብዬ ለብዙ ሰው ተርኬአለሁ፤ አሁን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። እርግጠኛ የሆንሁት በታናሽ ወንድሜ በቢኒ ነው። ከአያት ኮንዶሚኒየም እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣዬን ጭኑ ላይ አድርጎ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሸኘኝ። በሩ ላይ እንባ መቋጠሬን ሲያይ፣ «አንተ ፋራ፣ እዚህ እንዳታለቅስ፤ ሙድ ይይዙብናል» አለኝ፤ እንዳይሳቅብን ማለቱ ነበር። ከዚያ ፊቱን አዞረና እሱ ራሱ አለቀሰ።

ቢኒ ሃያ ሁለት አካባቢ ስልክ ይጠግናል። የከተማውን አዲስ ቃል ከማንም ቀድሞ ወደ ቤት የሚያመጣው እሱ፣ ከበር የሚመልሰው ደግሞ አባታችን ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አማርኛ ያስተማረ ሰው ነው። ቢኒ «ደብሮኛል» ባለ ቁጥር፣ «ከፍቶኛል በል፤ አዝኛለሁ በል፤ ተሰላችቻለሁ በል። ይህን ያህል ቃል ሞልቶ ሳለ በቤቴ ደብሮኛል አይባልም» ይለዋል። ቢኒ «ፈታ በል፣ ፋዘር» ብሎት ወደ ክፍሉ ይገባል።

እዚህ ኢስታንቡል ሰው ሁሉ «አቢ» ይለኛል፤ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ዳቦ ሻጩም፣ መታወቂያ የሚጠይቀኝ ፖሊስም አቢ ነው የሚሉኝ። ሻያቸው ቅመም አያውቅም፤ ብርዳቸው ግን አጥንት ያውቃል። ማሞቂያው መበላሸቱን ለአከራዬ ብነግረው፣ «አቢ፣ ከአፍሪካ አይደል የመጣኸው? ትንሽ ሙቀት ይዘህ አልመጣህም?» አለኝ። እኛ ቤት በሐምሌ ጋቢ እንደርባለን ስለው፣ በሐምሌ ማን ይበርደዋል ብሎ ሳቀብኝ።

ይህን ለቢኒ ጻፍሁለት። የእሱ መልእክት ሁልጊዜ «አንተ ፋራ» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ እንዲህ ያለ ወሬ አግኝቶ ደግሞ ወር ሙሉ እንደሚስቅብኝ አልተጠራጠርሁም። የመጣው መልስ ግን፣ «አይዞህ ወንድሜ። ፈታ በል። ይመችህ» የሚል ነበር።

የቅርብ መልእክቶቹን መልሼ አነበብኋቸው። በአንዱም አልሰደበኝም። አዲስ ቃልም አልነበረባቸውም፤ ሁሉም እኔ ቤት ሳለሁ የምሰማቸው ናቸው። የቀድሞዎቹ መልእክቶች ትራም ላይ ከተሰረቀው ስልኬ ጋር ጠፍተዋልና ላመሳክር አልቻልሁም። ምናልባት ድሮም እንዲህ ይጽፍ ይሆናል፤ ምናልባት ስድቡን ናፍቆቴ ጨምሮበት ይሆናል አልሁ።

እናቴ ጋ ደውዬ ቢኒን አቅርቢልኝ ብላት፣ ሥራ ላይ ነው አለች። በሌላ ጊዜ የስልኩ ማይክ ተበላሽቶበታል አለችኝ።

«ስልክ የሚጠግን ሰው፣ እማዬ?»

ድምፅዋ ጎርንኖ ነበር፤ ጉንፋን ነው አለችኝ። ወሬ ለመለወጥ ስለ አባቴ ጠየቅኋት።

«አባትህማ መነጽሩን አድርጎ ስልክ ላይ ነው የሚውለው» አለችና፣ ቃሉ እንዳመለጣት ሁሉ ቶሎ ተሰናበተችኝ።

አባቴ ስልክ የሚጠላ ሰው ነው።

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። በሰው አገር ብቻውን ለሚኖር ሰው ደግሞ፣ አጠገቡ የሚያለቅስለት ወገን እስኪገኝ ይደበቃል። ይህን ደንብ አውቀዋለሁ፤ እኔም ለሌሎች ደብቄበታለሁ። በእኔ ላይ ሲደርስ ግን ተሳስቼ ይሆናል እያልሁ ሰነበትሁ። አባቴ እነዚያን ቃላት ሲከለክል ሲከለክል ሳያውቀው ተምሮአቸዋል። ልጁን ፋራ ብሎ መስደብ ግን አልሆነለትም።

ትናንት ከሥራ በትራም ስመለስ ወደ ቢኒ ቁጥር፣ «አንዴ ፋራ በለኝ» ብዬ ላክሁ።

«እየጻፈ ነው» የሚለው ምልክት መጣ። ጠፋ። እንደገና መጣ። መውረጃዬን አልፌ ሁለት ፌርማታ ሄድሁ። በመጨረሻ አንዲት ቃል ደረሰችኝ፦

«ደብሮኛል።»

«እኔንም፣ አባዬ» ብዬ ጻፍሁ።

እስካሁን አልላክሁትም። እስካልላክሁት ድረስ ቢኒ ሃያ ሁለት ሱቁ ውስጥ አጎንብሶ የሰው ስልክ ይጠግናል፤ ሥራ በዝቶበት ነው የማይደውልልኝ።