ሕጉ ዘመድ የሚላቸው ሰዎች

ባለቤቴ የሰው ዕቃ አይነካም። ይህን የምለው ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ አንዳንድ ቀን ያናድደኛል። አንድ ጎረቤት ለሳምንት ብሎ ያስቀመጠብን የሕፃን አልጋ ሳሎናችንን ዘግቶ ሁለት ዓመት ሲቀመጥ፣ አንድ ቀን እንኳ ልብስ እንዳጣጥፍበት አልፈቀደልኝም። "አደራ ነው" ካለ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ እሱን ከማሳመን ግድግዳውን ማሳመን ይቀላል።

ስለዚህ ጋሼ ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ ሲሉ የብረት ሳጥናቸውን ይዘው ወደ እኛ መምጣታቸው አልገረመኝም። ጋሼ የምንላቸው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ እኛ ከምንኖርበት አፓርትመንት ከላይ ፎቅ ያሉ፣ ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው። ኢስት ኮልፋክስ መንገድ ላይ በአንድ የመጠጥ መደብር ሽጉጥ ታጥቀው ጥበቃ ይሠራሉ። ባለቤቴንም ወደዚህ ሥራ ያስገቡት እሳቸው ናቸው፤ እሱ ግን መሣሪያ አይዝም፤ ሬዲዮና የእጅ ባትሪ ይዞ የገበያ ፓርኪንግ ነው የሚጠብቀው። የጋሼ እናት በጠና ታመው ነበርና መቼ እንደሚመለሱ አያውቁም። ሳጥኑን ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጡና ቁልፉን ለባለቤቴ በእጁ ሰጡት።

"ሽጉጤ ነው። ጥይት መከላከያ ቬስቴም እዚህ ቦርሳ ውስጥ አለ። ቤቱን ባዶ ጥዬው ስሄድ ሌባ ገብቶ ቢወስደው፣ በእኔ መሣሪያ ሰው ሊገደል ነው። አደራ፣ ወንድሜ።"

"ኧረ ጋሼ፣ ምን ችግር አለው! ብቻ እርስዎ በሰላም ይግቡ።"

ሌላ አልተባለም። ሳጥኑ ከቁም ሣጥናችን ላይኛው መደርደሪያ፣ ከብርድ ልብሶቹ ኋላ ገባ። ቁልፉን ባለቤቴ አንገቱ ላይ ከማተቡ ጋር አሰረው።

ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ የሚወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስለ ባለቤቴ ዜግነት። ማመልከቻው ገብቶ የኢንተርቪው ቀን እየጠበቅን ነበር። ዜግነቱን የፈለገው ለፓስፖርቱ አይደለም፤ እናቱን ለማምጣት ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሚስቱን ማምጣት ይችላል፤ እናቱን ግን ዜጋ ሳይሆን አይችልም። እኔ ቀድሜ ዜጋ ብሆንም ምራት ለአማቷ ማመልከት አትችልም። እናቱ ሰማንያን አልፈዋል። ደሴ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ልጃቸውም እሱ ብቻ ነው። ሳህን እያጠበ እንኳ የኢንተርቪውን ጥያቄዎች ጮክ ብሎ ያጠና ነበር፤ እኔም ስለ አሜሪካ መንግሥት አወቃቀር ያኔ የሰማሁትን ያህል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

ታዲያ አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ እሱ የሚጠብቀው ፓርኪንግ ውስጥ ሁለት ሰዎች በመኪና ማቆሚያ ቦታ ተጣሉና አንዱ ተኮሰ። ሰው አልተጎዳም። ጥይቱ ግን ባለቤቴ ከቆመበት ሁለት መኪና አልፎ የአንዱን መስተዋት አረገፈው። ማታ እራቱን እየበላ፣ የሌላ ሰው ወሬ ይመስል በቀስታ ነገረኝ። እኔ ግን በቀስታ አልሰማሁትም።

"ቬስት ሳትገዛ ሥራ አትሄድም!" አልኩት።

"መሣሪያ ለማይዝ ሰው ቬስት ምን ያደርግለታል?"

"ጥይቱ መሣሪያ መያዝ አለመያዝህን ጠይቆ ነው እንዴ የሚመጣው?"

"የጋሼን ልበስ ልትይኝ ነው?" አለና ገና ሳልመልስ "አደራ አይለበስም" ብሎ ራሱ መለሰ።

በማግስቱ ሃቫና መንገድ ላይ ወዳለ የጥበቃ ዕቃና የመሣሪያ ሱቅ ሄድን። እሱ ሳያየኝ የጋሼን ቬስት በግሮሰሪ ከረጢት ጠቅልዬ ይዤ ነበር። የምንገዛው ከሱ እንዳያንስ ለማስተያየት ነበር ሐሳቤ። ሞኝነቴን ልብ በሉልኝ።

ሱቋን የያዘችው ፀጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ፈረንጅ ናት። ባለቤቴ ኪሱ የበዛውን አንስቶ ሲያገላብጥ ከእጁ ተቀብላ አስቀመጠችው። "ኪስ ጥይት አይመክትም" አለችው። ልብሱ ከነሽፋኑ እንዲሁ አይገዛም፤ ውስጡ ያለው ንጣፍ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይነበባል። ምን ዓይነት ጥይት እንደሚመክት፣ መቼ እንደተሠራ፣ ዋስትናው መቼ እንደሚያልቅ እዚያ ላይ ተጽፏል። ወረቀቱ የሌለውን፣ ከኢንተርኔት በርካሽ የሚመጣውን፣ ሌላ ሰው ለዓመታት ለብሶ ያስረጀውን አትግዙ አለችን። ይህ ስስ የሆነው የሽጉጥ ጥይት እንጂ የጠመንጃ እንደማይመክትም ሳትደብቅ ነገረችን። ከዚያ ባለቤቴን አለበሰችውና ወንበር ላይ አስቀመጠችው። የመጀመሪያው ሲቀመጥ ጉሮሮውን ገፋው፤ ረዝሟል ብላ አወለቀችው። ሁለተኛው ከቀበቶው ሦስት ጣት ከፍ ብሎ ቆመ። በጣቶቿ ለካች፤ እኔም ተከትዬ በራሴ ጣት ለካሁ። ደረቱን መታ መታ አድርጌ "አሁን ሰው ሆንክ" አልኩት፤ ገዛነውም።

እዚያ ላይ ብንወጣ ኖሮ! እኔ ግን ከረጢቴን ከፈትኩ። ባለቤቴ የጋሼን ቬስት ባንኮኒው ላይ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። ሴትዮዋ ሽፋኑን ገልጣ ወረቀቱን አነበበች፤ ንጣፉን በጣቷ ዳበሰችው። መሐሉ ታጥፎ ተሰባብሯል፤ ዋስትናው ካለቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል። "ይህን ለብሶ የሚሠራ ሰው አለ?" አለች። እኔም ጋሼን የተቸችብኝ መስሎኝ ልከላከል ገባሁ። ሰውየው ወንድማችን ማለት ናቸው፣ ጥንቁቅ ናቸው፣ አገራቸው ሲሄዱ እንኳ ሽጉጣቸውን በብረት ሳጥን ቆልፈው እኛ ጋ ነው ያስቀመጡት አልኳት።

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች።

"እኔ ዘንድ ወይም ሌላ ሻጭ ዘንድ ሄዳችሁ ባክግራውንድ ቼክ፣ ማለትም የኋላ ታሪክ ማጣራት፣ ተደርጓል?"

"የተሸጠ እኮ አይደለም፤ ለማስቀመጥ ነው" አለ ባለቤቴ።

"ስንት ጊዜ ሆነው?"

"ሁለት ወር።"

ኮሎራዶ ውስጥ መሣሪያ ያለ ቼክ በውሰት የሚቆየው ለሰባ ሁለት ሰዓት ነው አለችን። ከዚያ ካለፈ፣ የቅርብ ዘመድ ካልሆነ በቀር፣ ሰጪውም ተቀባዩም ያጠፋሉ። "እኔ የመሣሪያ መብትን አጥብቄ የምደግፍ ሰው ነኝ፤ ሕጉን ጠንቅቄ የማውቀውም ለዚያ ነው። ሱቄ ውስጥ ይህን ሁለተኛ አታንሱ። ጠበቃ ጋ ሂዱ።"

ወጥተን መኪና ውስጥ ገባን። ቢቆጣኝ፣ "ማን አውሪ አለሽ!" ቢለኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን መሪውን በሁለት እጁ ይዞ መብራት በያዘን ቁጥር አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ይነካካል። እናቱን እያሰበ እንደነበር አውቃለሁ።

የኢሚግሬሽን ጉዳያችንን የያዘው ጠበቃ ሐበሻ ነው፤ ሰምቶን ሲጨርስ ሕጉ የቅርብ ዘመድ የሚላቸውን ከኮምፒዩተሩ ላይ በአማርኛ እየመለሰ አነበበልን። ባል፣ ሚስት፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ አያት፣ የልጅ ልጅ፣ አጎት፣ አክስት፣ የእህት ልጅ፣ የአጎት ልጅ።

"ታዲያ የአጎት ልጅ፣ ከዝን ናቸው ብንልስ?" አልኩ። ማናችን ነን በዚህ አገር ያልተዛመድነውን ከዝን ያላልነው?

"መጀመሪያ ያጠፋችሁት ባለማወቅ ነው። ይህን ካላችሁ ግን አውቃችሁ ነው" አለኝ። ተሸማቀቅሁ።

ከዚያ ለባለቤቴ ሁለት ነገር ነገረው። አንደኛ፣ መሣሪያው ቶሎ ከቤታችን ይውጣ፤ መኪናህ ላይ ጭነህ ግን አትዙር። ፖሊስ መጥቶ ይውሰደው፣ ወይም ጋሼ እዚህ የሥጋ ዘመድ ካላቸው በጽሑፍ ይስጡትና መጥቶ ይውሰድ። ሁለተኛ፣ ኢንተርቪው ላይ ሳትያዝ የቀረህበት ጥፋት አለ ወይ ብለው ይጠይቁሃል። በመሐላ ነው። የምትመልሰው እውነቱን ነው፤ ጉዳይህን ሊያዘገየው ይችላል፣ ሊከፋም ይችላል።

ቤት እንደገባን ተጣላን። "ማን አየህ? ሳጥኑ ሲወጣ ነገሩም አብሮ ይወጣል። 'የለም' በልና እናትህን አምጣ!" አልኩት። እሱ ጫማውን እያወለቀ "እሺ፣ ምዬ ዋሽቼ ባመጣት፣ ቁጭ ብዬ ዓይኗን አያለሁ?" አለኝ። ይህን ሰው ያገባሁት በዚህ ጠባዩ ነው፤ ዕድሜዬን የሚያሳጥረውም ይኸው ጠባዩ ነው።

ለፖሊስ መስጠትን ጨርሶ አልተቀበለም፤ ካስረከብኩት ላይመለስ ይችላል አለ። ለጋሼም እናታቸው አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ሳለ እንዲህ ያለ ነገር አልነግራቸውም አለ። እኔ ደወልኩ። የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ በምሳ እረፍቴ፣ የአንሶላ ክፍል ገብቼ ነገርኳቸው። 

"ሃያ ዓመት መሣሪያ ታጥቄ ይህን አለማወቄ! ልጁን አስበላሁት በይኛ።"

"ልጅዎ እዚሁ ኦሮራ አለች አይደል፣ ጋሼ?"

"እሷ መሣሪያ ቤቷ አታስገባም። ይህን ሥራ ተው ብላኝ እምቢ ካልኳት ወዲህ አንነጋገርም። ብደውልም አታነሳም።"

"እንግዲህ ይደውሉላት። ሕጉ ከእሷ በቀር ሌላ ሰው አላውቅም ብሏል።"

ደወሉ። አነሳች። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን በራችን ተንኳኳ።

ሠላሳ ዓመት የማይሞላት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ እዚሁ የተወለደች። አባቷ መሣሪያውን እንደሰጧት የጻፉላትን መልእክት አትማ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛለች። ባለቤቴ ቁልፉን ከአንገቱ ፈትቶ ሰጣት። ሳጥኑን እንደ ጋለ ድስት ከሰውነቷ አርቃ ያዘችው። ቦርሳውን ስሰጣት "ዋት ኢዝ ዚስ?" አለች።

"የአባትሽ ቬስት ነው" አልኩና፣ ምላሴ አያርፍም፣ ንጣፉ ላይ የተለጠፈውንም ወረቀት አሳየኋት።

ዋስትናው ያለቀበትን ቀን ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ዌይት። በዚህ ነው ሥራ የሚሄደው? ኤቭሪ ዴይ?" አለችና ምንጣፋችን ላይ ቁጭ አለች። "እኔ መሣሪያውን ብቻ ነበር የማየው። ዳድን... አይ ኔቨር አስክድ። ምን ለብሰህ ትሄዳለህ ብዬ አልጠየቅሁትም።"

አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ አብሬያት አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅ። ከዚያ አዲስ ልትገዛላቸው ፈለገች፤ ልካቸውን ግን አታውቅም። ጋሼና ባለቤቴ በቁመትም በደረትም አንድ ናቸው። የስፌት ሜትሬን አመጣሁላት። ባለቤቴ ሳሎኑ መሐል እጆቹን ዘርግቶ ቆመ፤ እሷ ዙሪያውን ለካችው፣ ከአንገት ሥር እስከ ቀበቶ ለካችው፣ ሱቅ የተማርነውን ሦስት ጣት እኔ አሳየኋት። ሁሉንም ስልኳ ላይ ጻፈች። "ሲቀመጥስ?" ብላ ወንበር ላይ አስቀምጣ ደግማ ለካችው። እሱም ታዛዥ ነው፤ ተነስ ስትለው ይነሳል፣ ተቀመጥ ስትለው ይቀመጣል።

የኢንተርቪው ቀን መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። ከመውረዱ በፊት እንኳ ክራቫቱን እያስተካከልኩለት "ዛሬ ብቻ" ብዬዋለሁ። ግንባሬን ሳመኝና ሄደ። ከሱ በኋላ የገቡት ወጡ። አንድ ቤተሰብ በር ላይ እየሳቀ ፎቶ ተነሳ። እሱ ሲወጣ ወረቀቶቹን ደረቱ ላይ አቅፎ ነበር።

"ጠየቀህ?"

"ጠየቀኝ። ነገርኩት።"

"ምን አለ?"

"ለምን ተቀበልክ አለኝ። ስላመኑኝ አልኩት። ብዙ ጻፈ። ዛሬ አይወሰንም፣ ደብዳቤ ይመጣልሃል አለ።"

ልናገረው ያዘጋጀሁት ስድብ ነበር። ተውኩት። እጁን ያዝኩት።

ደብዳቤው ከወራት በኋላ መጣ፤ ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ፣ ጉዳዩ ገና እየታየ ነው ይላል። ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አይናገርም። የዚያን ቀን ወደ ደሴ ሲደውል ስልኩን ከፍ አድርጎ ነበርና እኔም እሰማለሁ። እናቱ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ "አለፍክ ወይ፣ ልጄ?" አሉት።

"ገና ነው፣ እማዬ። ትንሽ ይቆያል።"

"ይቆያ። እኔ የት እሄዳለሁ ብለህ ነው?"

 ባለቤቴ ስልኩን ለእኔ አቀበለኝ። እናቱ መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ሰማኸኝ? እኔ የት እሄዳለሁ?" እያሉ ነበር።