ስልሳኛው ብርድ ልብስ

አምባው በጃንሆይ ዘመን አቃቂ ውስጥ ብርድ ልብስ የሚሠራ የፋብሪካ ሸማኔ ነበር። የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ስለሚያደነቁር ሠራተኞቹ ከግቢ ወጥተውም እየጮኹ ነው የሚያወሩት። እሱ ግን ዝምተኛ ነው፤ ዝም ብሎ ይቆጥራል፣ ያሰላል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ መጋዘን ውስጥ የሚሠራውን የልብ ጓደኛውን ተሰማን፣ «ለድር አምስት ቀለም ክር አለን፣ ለማግ አራት፣ ለጥለት ሦስት። ስንት ዓይነት ብርድ ልብስ ይወጣል?» አለው።

«አሥራ ሁለት ነዋ፤ ምኑ ያስቸግራል?»

«መደመሩን ተወው። አንዱ ድር ከአራቱም ማግ ጋር ይሸመናል። አምስቱም ድሮች እንደዚያው ሲሆኑ ሃያ። ሃያው ደግሞ እያንዳንዱ በሦስት ዓይነት ጥለት ሊወጣ ይችላል። ስልሳ።»

«ካቦው እንዳይሰማህ፤ ስልሳውንም ያሠራሃል» ብሎ ሳቀ ተሰማ።

ካቦው ከስልሳው አንዱን አይፈቅድም ነበር፤ ሰማያዊ ድር፣ አረንጓዴ ማግ፣ ቀይ ጥለት። «ዓይን ይወጋል፣ ማን ይገዛዋል» ይላል። አምባው ታዲያ ልቡ ያረፈው እሱ ላይ ነው፤ ማንም ሰው ዘንድ የለማ። በዚያ ዓመት ቃሊቲ ሽማግሌ ልኮ አቻምየለሽን አጭቷል። ካቦውን ለምኖ፣ ከተራረፈ ክር አንድ ብቻ ሠራና ሰጣት። «ከአንቺ በቀር ይህን የሚለብስ ሰው የለም» አላት። ጉንጯ ላይ አድርጋ ፈገግ አለች። ሲጋቡ ያየዋል ብሎ ለተሰማ እንኳ አልነገረውም። ምስኪን አምባው፤ በእሱና በአቻምየለሽ መካከል መልእክት የሚያመላልሰው ራሱ ተሰማ ነበር።

ጾሙ ሳይጋመስ ተሰማ ታሞ ከሥራ ቀረ። አምባው ብርቱካን ገዝቶ ሊጠይቀው ሄደ። በሩን ገፋ አድርጎ ሲገባ ተሰማ አልጋው ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ የተጠቀለለበት ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ጠርዙም ቀይ ነው።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ሐጀራ ሱቅ ነው የገዛሁት። ስልሳ ዓይነት አለ ስትለኝ አልነበር? አንዱ ለእኔ ደረሰኝ።»

«ሃምሳ ዘጠኙ ሐጀራ ሱቅ ሊገኝ ይችላል» አለ አምባው። «ይሄን ግን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ብቻ ነው፤ ለማን እንደሰጠሁትም አውቃለሁ።»

ተሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ውሸቱን ቢቀጥል እንኳ ይሻል ነበር። ወንድሜ ያለው ሰው እና ሚስቴ ሊላት የነበረች ሴት ተማክረው ከድተውታል። ብርቱካኑን ራስጌው አስቀምጦ ወጣ።

ከፋሲካ በኋላ ተሰማና አቻምየለሽ ተጋቡ። የሰፈሩ ሰው «ያልተጻፈለት ነው» እያለ አለፈው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የጽሕፈት ነገር አይደለም፤ ክህደት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

አምባው ቆይቶ ራሱ ካቦ ሆነ። አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር ድሩን፣ ማጉንና ጥለቱን ያሳይና ስንት ዓይነት እንደሚወጣ ይጠይቃል። ብልሆቹ አባዝተው ስልሳ ይሉታል።

«ሃምሳ ዘጠኝ» ይላል አምባው።

የሚከራከሩት አሉ፤ በጣታቸው እየቆጠሩ እንደገና ያባዛሉ። እስኪጨርሱ ይጠብቃቸዋል። ከዚያ ቀዩን ክር ከሰማያዊው አጠገብ አንስቶ ራቅ ያደርገዋል።

«ሃምሳ ዘጠኝ ነው» ይላል።