ጎኔ የተቀመጡት አንባቢ

የማይክሮፎን ስፖንጅ ሽታ አለው። ብዙ ሰው የተነፈሰበት፣ አቧራ የጠጣ፣ ሞቅ ያለ ፕላስቲክ የመሰለ ሽታ። ዛሬም ስቱዲዮ ገብቼ አፌን ባስጠጋሁ ቁጥር ያ የክረምት መግቢያ ቀን ድቅን ይልብኛል።

አሶሳ ውስጥ አንዲት ትንሽ ራዲዮ ጣቢያ በበርታ ቋንቋ ዝግጅት እንድሠራ ቀጥራኝ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። አማርኛ እችል ነበር፤ ግን ስፈራ «እሱ» እና «እሷ» ይምታቱብኛል። ኮሌጅ ሳለሁ ክፍል ፊት ቆሜ «እናቴ መጣ» ብዬ ተማሪው ሁሉ ስቆብኛል። ከዚያ ወዲህ ሰው በተሰበሰበበት አማርኛ አልናገርም ነበር።

በጣቢያው አንድ አንጋፋ የአማርኛ ዜና አንባቢ ነበሩ። በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር ከወሎ በሰፈራ መጥተው ባምባሲ ያደጉ ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸው ነበር። ያን ቀን ጉንፋን ድምፃቸውን ዘግቶታል። ሌላው አንባቢ ለዘገባ ጉባ ሄዷል። ሌሊት የወረደው ዝናብ ደግሞ ወደ ገበያ የሚያሻግረውን ድልድይ ሰብሯል፤ በማግስቱ ገበያ ነው፤ መኪኖች በጠዋት ሰው ጭነው ይወጣሉ።

«ማን ያነባል?» አለ አለቃችን በር ላይ ቆሞ።

ጋሼ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«ጋሼ፣ እኔ አማርኛ አልችልም» አልኩ።

«ታዲያ አሁን በምን እየተናገርሽ ነው?» አሉኝ በዚያ በተዘጋ ጉሮሯቸው።

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይንጣጣል። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ለሕዝብ አታንብቢ፤ ለአንድ ሰው ንገሪ። ድልድዩ መሰበሩን ማን ቢሰማልሽ ትወጃለሽ?»

«እናቴ። ነገ ማንጎ ይዛ ገበያ ትሄዳለች።»

«አማርኛ ትሰማለች?»

«የገበያ አማርኛ።»

«በቃ፣ በገበያ አማርኛ ንገሪያት።» እስክሪብቶ አንስተው ረጃጅሙን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ቆራረጡልኝ።

ቀዩ መብራት በራ። ጀመርኩ፤ ሄደልኝም። ድልድዩ ጋ ስደርስ ግን «ድልድዩ ተሰብራለች» ብዬ አረፍኩ። ከመስታወቱ ወዲያ ቴክኒሺያኑ አፉን በእጁ ሲይዝ አየሁ። የቱ መስመር ላይ እንደነበርኩ ጠፋብኝ። ጋሼ ጣታቸውን ቀጣዩ መስመር ላይ አሳረፉ፤ ከንፈራቸውም ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ፦ «አብሽሪ»። በወሎ አይዞሽ ማለት ነው። ለካ የእኛም ቤት ቃል ኖሯል፤ ልጅ ሆኜ ስወድቅ አባቴ የሚለኝ እሱኑ ነበር። አንብቤ ጨረስኩ።

ስልክ ተደወለ። «አማርኛ የማትችል ልጅ ከየት አመጣችሁ?» ይላል ሰውዬው። አለቃችን ፊቱ ጠቁሮ መጣ፤ ከነገ ጀምሮ ወደ በርታ ዝግጅቷ ብቻ ትመለስ አለ።

«ስማኝ ልጄ» አሉት ጋሼ፣ «እኔ ስጀምርም 'ይህን ባላገር አውርዱልን' ብለው ደውለዋል። ያኔ ቢያወርዱኝ ኖሮ እዚህ አልደርስም ነበር። ነገም የምታነበው እሷ ናት። እኔ ጎኗ እቀመጣለሁ።»

እናቴ ያን ዜና ሰምታ ኖሯል። ጎረቤቶቿንም ሁሉ፣ ልጄ መንገድ የለም ብላለች ብላ አስቀርታቸዋለች። ስለ ስሕተቴ በቋንቋችን ስነግራት ከልቧ ሳቀች። «ድልድይ ወንድ ይሁን ሴት፣ ዜናሽ ወንዝ ውስጥ ከመግባት አድኖናል» አለችኝ።

ክረምቱን ሙሉ ጎኔ ተቀመጡ። ጠዋት ጠዋት ሻይ ይዘን ዜናውን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ ስጨርስ ደግሞ «በይ አሁን ተራው የእኔ ነው» ብለው በርታኛ አስተምሪኝ ይሉኛል። ያን ሁሉ ዘመን በአካባቢው ኖረው ሰላምታው እንኳ አፋቸው ላይ ይሰባበር ነበር። ሳቄን መያዝ ሲያቅተኝ፣ «ሳቂ፣ ሳቂ፤ ብቻ ማስተማሩን እንዳትተዪ» ይሉኛል። መሳቅ እንደማይገድል ያወቅኩት ያኔ ነው።

መስከረም ላይ አንድ ቀን ስቱዲዮ ስገባ ወንበራቸው ባዶ ነበር። ቀና ስል ከመስታወቱ ወዲያ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመዋል። ዞር እንኳ አላሉም። ቀዩ መብራት በራ፤ እስከ መጨረሻው ብቻዬን አነበብኩ።

ጋሼ ጡረታ ወጥተው ባምባሲ ገቡ። በኋላ ጆሯቸው ደከመ፤ ቆይቶም ጭራሽ መስማት አቆሙ። ባለፈው ክረምት ዐረፉ። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ባለቤታቸው እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«የዜና ሰዓት ሲደርስ ራዲዮኑን አምጪልኝ ይለኝ ነበር» አሉኝ። «አይሰማም እኮ። መዳፉን ከላዩ ያሳርፍና ንዝረቱ ሲሰማው 'አሁን እሷ ናት' ይላል። አንድ ቀን ሌላ ሰው ሲያነብ ደግሞ 'ዛሬ ልጄ የለችም፣ ምን ሆና ይሆን?' ብሎ ሲጨነቅ ዋለ።»