የቭርባ ገበያ ሽንት ቤት ቁልፍ

ያልዣ በቭርባ ገበያ አይብና ክሬም መሸጥ ከጀመረች ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ከዛግሬብ የከንቲባ እጩዎች ጋር የተነሳችው ፎቶ ከገዛ ባሏ ጋር ከተነሳችው ይበልጣል። ምርጫ በደረሰ ቁጥር እጩው ካሜራውን አስከትሎ ከች ይላል። ከአይቡ በጣቱ ቆንጠር አድርጎ ይቀምሳል፣ ዓይኑን ጨፈን ያደርግና፣ «ልክ የአያቴ እጅ» ይላል። የሁሉም እጩ አያት አንድ ዓይነት አይብ መሥራቷ ያልዣን ሁልጊዜ ይገርማታል።

ቀጥሎ ጥያቄው ይመጣል። «እትዬ፣ ለገበያው ምን እንድናደርግላችሁ ትፈልጊያለሽ?»

«ሽንት ቤቱን ክፈቱልን።»

እጩው ይስቃል፤ ካሜራ ያዡም ይስቃል። ከዚያ ቃል ይገባና ወደ እንቁላል ሻጯ ወደ ካታ ያልፋል።

ሽንት ቤቱ ከአዳራሹ ጀርባ ነው። አረንጓዴ በር አለው፤ በሩ ላይ «ለእድሳት ለጊዜው ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። «ለጊዜው» የተባለው አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ወረቀቱ ፀሐይ እያነጣው ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ በሩ ግን አንዴም አልተከፈተም። የገበያው ኃላፊ አቶ ፒንታሪች ሲጠየቁ መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። «እድሳቱ እኮ አልቋል። የቀረው ርክክቡ ነው። አንድ ፊርማ ብቻ።» ፊርማው የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ቁልፉ ከወገባቸው ተንጠልጥሎ ሲሄዱ ይንቃጨላል። የገበያው ሴቶች መምጣታቸውን የሚያውቁት በዚያ ድምፅ ነው።

ስለዚህ ሻጮቹ መንገድ ተሻግረው ካፌ ይገባሉ። ካፌው ደግሞ «ለደንበኛ ብቻ» ይላል። ደንበኛ ለመሆን ቡና ማዘዝ ግድ ነው፤ የጠጡት ቡና ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሶ ያንኑ ካፌ ያስናፍቃል። ባለፈው ዓመት ሐኪሟ የደም ግፊቷን ለክቶ፣ «በቀን ስንት ቡና ትጠጫለሽ?» ሲላት፣

«እንደ ፊኛዬ ነው፣ ዶክተር» አለችው።

በዚህ ዓመት የከንቲባና የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ሲደርስ ያልታሰበ ነገር ሆነ። የሰፈሩ ሰው ድምፅ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት እድሳት ላይ ስለነበር የምርጫ ጣቢያው ወደ ገበያው አዳራሽ ተዛወረ። ያልዣም ከአስፈጻሚዎቹ አንዷ ሆና ተመደበች። የአንድ ትንሽ ፓርቲ ተወካይ ታማኝ ሰው ሲያፈላልግ አይብ ሊገዛ መጥቶ ነው ያገኛት።

ዓርብ ጠዋት የጣቢያዋ ሰብሳቢ መጣች። ዶንያ ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት የሕግ ባለሙያ ናት። ኮሮጆው የሚቀመጥበትን አየች፣ መጋረጃውን ለካች፣ ከዚያ ዞር ብላ፣ «ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?» አለች።

ካታ የያዘችውን እንቁላል ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

«እሱ እንኳ ርክክቡ አልተፈጸመም» አሉ አቶ ፒንታሪች።

«አቶ ፒንታሪች፣ እሁድ ስምንት አስፈጻሚዎች ከንጋት ጀምሮ ቆጠራው እስኪያልቅ ከዚህ ንቅንቅ አይሉም። ኮሮጆውን ጥለን ካፌ እንሂድ?»

«ደንቡ እኮ…»

«ደንቡን ለእኔ ይተዉት። ቁልፉን ይስጡኝ፤ አለዚያ ለምርጫ ኮሚሽኑ ስጽፍ የእርስዎ ስም ከላይ ይሆናል።»

ቁልፉ ከወገብ ወረደ። አቶ ፒንታሪች ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ምርጫው እስኪያልቅ ብቻ» አሉ።

«ምርጫው እስኪያልቅ» አለች ዶንያ፤ በማስታወሻዋም ጻፈችው። ቁልፉን ለያልዣ ሰጠቻት፤ የአካባቢው ሰው እሷ ናት።

በሩ ሲከፈት ውስጡ አዲስ ነበር። ነጭ ሸክላ፣ የሚያብረቀርቅ ቧንቧ፣ ላስቲኩ ያልተነሳለት መታጠቢያ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካው ንጹሕ ነገር እዚያው ተቀምጦላቸው ኖሯል። ካታ ውኃውን ለቀቀችውና እንባዋ መጣ።

«ታዲያ ምርጫው የሚያልቀው መቼ ነው?» ስትል ያልዣ ዶንያን ጠየቀቻት።

«ከንቲባ የሚሆነው ሰው ከግማሽ በላይ ካገኘ እሁድ ማታ አለቀ። ካላገኘ ብዙ ድምፅ ያገኙት ሁለቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይወዳደራሉ።»

ያልዣ ቁልፉን በጨርቅ ጠቅልላ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው። ከከንቲባ እጩዎቹ ውስጥ ሁሉም ሰው ያሸንፋል የሚለው ቬድራን ሃቡሊንን ነበር፤ ጋዜጣው በመጀመሪያው ዙር ይጨርሰዋል ብሎ ነበር። ሰውዬውን ያልዣም ትወደዋለች። ስለ ሽንት ቤቱ ሲነገረው ያልሳቀ ብቸኛው እጩ እሱ ነው፤ ማስታወሻም ይዟል። እሁድ ሃቡሊን ካሸነፈ ግን ሰኞ ቁልፉ ተመልሶ ወገብ ላይ ሊንጠለጠል ነው።

«ልጅቷ የምትለው ገብቶሻል?» አለች ካታ።

«ገብቶኛል። እኔ አስፈጻሚ ነኝ፤ ለማን ምረጡ፣ ለማን አትምረጡ ማለት አልችልም።»

«አንቺ አትችይም።» ካታ ሰዓቷን አየች። የጥሞናው ጊዜ የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ እሁድ ማታ ስለ እጩ ቀስቅሶ መገኘት ያስቀጣል። «እኔ ግን ገና ብዙ ሰዓት አለኝ» ብላ ሽርጧን ፈታች፤ ከጎመን ሻጩ ጀምራ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ዞረች። ሰውዬውን ውደዱት፣ ግን ለአሁኑ ትንሽ ይዘግይ፤ የምትለው ይህን ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ገበያው ከአፍ እስከ ገደፉ ቢሞላም ወሬ የለም። ያልዣ በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ዝም ብላ አታውቅም። አንዲት እናት ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጇን እያንጠለጠለች መጣችና፣ «እትዬ፣ እባክሽ ሊያመልጠው ነው» አለቻት። ያልዣ በሩን ከፍታ አስገባቻቸው። እናትየዋ ስትወጣ፣ «ይኸ ነገር ሁልጊዜ ክፍት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«የጥሞና ጊዜ ነው፤ መናገር አልችልም።»

«የጠየቅሁት እኮ ስለ ሽንት ቤቱ ነው።»

«እሱም ቢሆን» አለች ያልዣ።

እሁድ የገበያው ሰው ሁሉ የክት ልብሱን ለብሶ መጣ። የከንቲባው ድምፅ መስጫ ወረቀት ዘጠኝ ስም አለበት፤ የምክር ቤቱ ደግሞ የጠረጴዛ ልብስ ያህላል። ያልዣ ተራዋ ሲደርስ ከመጋረጃው ኋላ ገብታ ለምክር ቤቱ የፈለገችውን መረጠች። የከንቲባው ወረቀት ላይ ግን ብዕሯ ከሃቡሊን ስም ላይ ተነሥቶ ወደ ታች ወረደ። ስሙን ሰምታው የማታውቀውን ዘጠነኛውን ሰው ከበበች። ቀና ስትል ሃቡሊን ከኋላዋ ቆሞ የሚያያት ያህል ጉንጯ ጋለ።

ማታ ቆጠራው አለቀ። በጣቢያው ዘጠነኛው ሰውዬ ሦስተኛ ወጣ፤ እሱም እስከ ዛሬ ምክንያቱን አያውቅም። ራዲዮው የከተማውን ሲናገር ሃቡሊን ግማሽ ሊሞላ ትንሽ ጎድሎት ነበር።

«ሁለተኛ ዙር» አለች ዶንያ፣ እያዛጋች።

«ያሳዝናል» አለች ያልዣ፤ ቁልፉን ከውጭ ዳበስ አደረገችው።

ሁለቱ ሳምንታት እንደ ሠርግ ዝግጅት አለፉ። ካታ መስታወት አመጣች። ጎመን ሻጩ የልጆች መቆሚያ በርጩማ ሠራ። ሳሙና ተገዛ፣ የጽዳት ተራ ወጣ። በሩ ላይ የነበረውን ወረቀት ያልዣ አንሥታ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው። አቶ ፒንታሪች በየጠዋቱ ብቅ ይላሉ። «ምርጫው እስኪያልቅ ብቻ ነው፣ ያልዣ።»

«አውቃለሁ፣ አቶ ፒንታሪች። ይግቡ እንጂ፣ እርስዎም እኮ ሰው ነዎት።»

ሦስት ቀን እምቢ አሉ። በአራተኛው ገቡ።

በሁለተኛው ዙር ያልዣ የሃቡሊንን ስም ሁለት ጊዜ ልትከብበው ምንም አልቀራት፤ ወረቀቱ እንዳይበላሽ ፈርታ ተወችው። ሰውዬው በሰፊው አሸነፈ።

ሰኞ ጠዋት አቶ ፒንታሪች እጃቸውን ዘርግተው ከጠረጴዛዋ ፊት ቆሙ። «አለቀ፤ ቁልፉን።»

ወዲያው ከገበያው መግቢያ በኩል ሁካታ ሆነ። አዲሱ ከንቲባ መራጩን ሊያመሰግን ካሜራውን አስከትሎ መጥቷል። ወደ ያልዣ ቀረበ፤ ከአይቡ ቆነጠረ፤ ክሬሙን ሲያጠቅስ እጁ እስከ እጅጌው ተዘፈቀ።

«ይቅርታ፣ የት ልታጠብ?»

«ቢሮዬ ይምጡ፣ ክቡር ከንቲባ…» አሉ አቶ ፒንታሪች።

«ቅርብ ነው፣ እዚሁ ነው» አለች ያልዣ፤ ቁልፉን ከጡቷ ሥር አውጥታ ከፊት መራች።

ካሜራውም ተከተለ። ከንቲባው ታጠበ፣ መስታወቱን አየ፣ የልጆቹን በርጩማ አየ። ፊቱ በራ። ማስታወሻ መያዙ ትዝ ብሎታል። ወደ ካሜራው ዞሮ፣ «ይኸው፤ ቃል ገብተን ነበር፣ ፈጸምን» አለ።

ካታ አፏን ከፈተች። ያልዣ እግሯን ረገጠቻት።

«አመስጋኞች ነን» አለች ያልዣ። «አንድ ነገር ብቻ ቀርቶታል። አቶ ፒንታሪች ርክክቡ ፊርማ ይጎድለዋል ይላሉ።»

«የማን ፊርማ?»

አቶ ፒንታሪች ካሜራውን አዩ፣ ክራባታቸውን አስተካከሉ። «የእርስዎ ቢሆን… ይበቃል» አሉ።

ያልዣ ከሳጥኗ አንድ ወረቀት ሳበችና በጀርባው በኩል አቀረበችለት። «ለእድሳት ለጊዜው ተዘግቷል» የሚለው ወረቀት ነበር። ከንቲባው ፈረመ፣ ቀን ጻፈ። ሁሉም አጨበጨበ፤ ከሁሉም በላይ ያጨበጨቡት አቶ ፒንታሪች ነበሩ።

በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ከንቲባውና አቶ ፒንታሪች ሲጨባበጡ ታዩ። ከያልዣ የሚታየው ክርኗ ብቻ ነው። ቁልፉን ማንም መልሶ አልጠየቃትም። ቤቷ ወስዳ ከእጩዎቹ ፎቶዎች አጠገብ ሚስማር መትታ ሰቀለችው። ባሏ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየው።

«ይኸ ደግሞ ምን ይከፍታል?»

«ምንም» አለችው፣ ጫማዋን እያወለቀች። «በሩ ክፍት ነው።»