ዱካሞ በጣቶቹ ቆመ

የአናቶሚ ላብራቶሪ ረዳት ሆኜ ሐዋሳ ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አስከሬን እንዳይበሰብስ የሚያደርገው ፎርማሊን ሽታው ዓይኔን አስለቀሰኝ። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አልማዝ ጋውንና ጓንት ሰጡኝ። አስከሬን ከተኛበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው፣ «ይህም እንደኛ ሰው ነው» አሉኝ። «የምትሠራበትን ቦታ ብቻ ግለጥ። ሌላውን ሸፍን።»

ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንዲሁ አደረግሁ። አስከሬኑ እንዳይደርቅ ጨርቁን አርሳለሁ፣ በወረንጦ ስብ አነሳለሁ፣ ጡንቻን ከጡንቻ እለያለሁ። ለፈተና ደግሞ ስፒል እሰካለሁ። ተማሪው በየጠረጴዛው እየዞረ ስፒል የተሰካበትን ጡንቻ ስምና ሥራ ይጽፋል። ደወል ሲደወል ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ዱካሞ የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ነበር። የጡንቻዎቹን ስም እንደ መዝሙር ይወርደዋል። ፈተናው ላይ ግን ወደቀ። ያጠናው በጀርባው በተኛ አስከሬን ላይ ነበር፤ እኔ ደግሞ ለፈተናው በሆዱ አስተኝቼው ነበር። ሁሉም ነገር ተገለበጠበት።

ድጋሚ ፈተና ተፈቀደለት። በዚያው ሳምንት አባቱ መጡ። እዚያው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር የእህል ሱቅ አላቸው። በሲዳምኛ ልጃቸውን ውጭ ጠብቀኝ አሉትና ወደኔ ዞሩ።

«መምህር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይህ ልጅ ይሆናል? ካልሆነ ሱቁን ይያዝ። እኔም ደክሞኛል።»

«ይሆናል አባቴ» አልኳቸው። «ስሙን ያውቃል። የቀረው ሥራውን ማወቅ ነው።»

«እንግዲያው በእርስዎ ቃል ልቆይ» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ዱካሞ የጡንቻ ስም የሚያጠናበትን ወረቀት ተቀበልኩት። «ስም አትጥራብኝ» አልኩት። «በእግር ጣቶችህ ቁም። ባትህን በእጅህ ያዝ። ምን ጠነከረ?» አሳየኝ። «አሁን ተቀመጥ፣ ጉልበትህን አጥፈህ ተረከዝህን አንሳ። ምን ላላ?» ግራ የገባው ፊቱ ቀስ እያለ ሲፈታ አየሁት። ከዚያ በኋላ አስከሬኑን በየትም በኩል ባዞረው አልተደናገረም።

የድጋሚ ፈተናው ቀን ስፒሉን ባት ላይ ከተደራረቡት ሁለት ጡንቻዎች በአንዱ ሰካሁ። ዱካሞ ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ ትክ ብሎ አየ። በጣቶቹ ቆመ። ከዚያ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ እንደገና ተነሳ።

«አንተ! ለማን ነው ምልክት የምትሰጠው?» አሉ ዶክተር አልማዝ።

ዱካሞ ተረከዙን ወደ መሬት መለሰ። በፈተና ሰዓት መናገር አልነበረብኝም፤ ግን ተናገርኩ።

«ምልክት አይደለም ዶክተር። በራሱ እግር እየፈተሸ ነው።»

ወደ ልጁ ተጠጉ። «ምኑን ነው የምትፈትሸው?»

«ጉልበቴን ሳጥፍ የላይኛው ይላላል ዶክተር። ከሥሩ ያለው ግን እንደጠነከረ ነው። ስፒሉም ያለው...»

«በቃ፣ በቃ! ለክፍሉ ሁሉ ልትነግር ነው እንዴ? ጻፈው!»

ሳቅ ሆነ። እሳቸውም ፊታቸውን አዙረው ፈገግ ሲሉ አይቻለሁ።

ዱካሞ አለፈ። አባቱ ሱቁን ለእህታቸው ልጅ አስረከቡ። ከዚያ ወዲህ ዶክተር አልማዝ ከእያንዳንዱ ፈተና በፊት፣ «አስከሬኑን መንካት ክልክል ነው፤ የራሳችሁን አካል ማንቀሳቀስ ይፈቀዳል» ይሉ ጀመር። ዱካሞ ዛሬ ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች መራመድ ያስተምራል።

ለላብ ፈተና ለምታጠኑ የምለው ይኸው ነው፦ ጡንቻው ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ እዩ። በራሳችሁ አካል አንቀሳቅሱት። ስሙን ከዚያ በኋላ ያዙ።