ተሸካሚ የሌለው ጭነት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ፕሮግራሙ ቆሞ ነበር። መሥሪያ ቤቱ መርካቶ፣ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር የሚገኝ የብርድ ልብስ ጅምላ ማከፋፈያ ነው። ከመጋዘኑ በላይ ባለችው ክፍል የጭነት መመዝገቢያውን ፕሮግራም የምንሠራው ሁለት ነበርን፤ እኔና አለቃዬ ሳምሶን። ወንበር ሳያሳየኝ ስክሪኑን አዞረልኝ። «ነል ፖይንተር» ይላል፤ ባዶ ጠቋሚ ማለት ነው።

በፕሮግራሙ ውስጥ እያንዳንዱ ጭነት ወደ ተሸካሚው ይጠቁማል። የመውጫ ወረቀት ሲታተም ፕሮግራሙ ተሸካሚውን ስሙን ይጠይቃል። ተሸካሚ ካልተመዘገበ ጠቋሚው ባዶ ነው፤ የሚጠየቅ የለም። ያኔ ፕሮግራሙ ይዘጋል፤ ታች ያለው የገዢዎች ሰልፍም ይቆማል።

የድርጅቱ ባለቤት ጋሼ ከድር ቅዳሜ ገበያ ላይ ሥራ ከተስተጓጎለ በእጅ ወደሚጻፈው ካርኒ እንደሚመለሱ፣ እኛንም እንደሚያሰናብቱ ነገሩን። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

ሳምሶን ቀላል ነው አለኝ። በየቦታው «ባዶ ከሆነ ዝለለው» የሚል መስመር ጨመርን። ፕሮግራሙ መዘጋቱን ተወ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከወልቂጤ የመጡት ነጋዴ እትዬ ዘነበች በር ላይ ተያዙ። ወረቀታቸው ላይ የተሸካሚው ቦታ ባዶ ስለነበር ጥበቃው አላሳልፍም አለ። የሚጭንላቸው አይሱዙ ሞተሩን አስነስቷል።

«ተሸካሚው እኔ ነኝ» አሉት። «ትከሻዬን ላሳይህ?»

ጋሼ ከድር አስጠሩኝና ጭነቱን ማን እንደያዘው ጠየቁኝ። ፕሮግራሙ ላይ ማንም የለም አልኳቸው።

«ማንም የሚባል ሰው መርካቶ ውስጥ አላውቅም» አሉ። «ወይ ተሸካሚ ይዞታል፣ ወይ የዕቃው ባለቤት ራሱ ይዞታል፣ ወይ ገና መጋዘን ነው። የትኛው ነው?»

ፕሮግራሙ አያውቅም ነበር። «ባለቤቱ ራሱ ይዞታል» እና «ገና መጋዘን ነው» የሚሉትን ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ባዶ ጽፈናቸዋል። ጋሼ ከድር ወረቀቱ ላይ «የዕቃው ባለቤት ራሳቸው» ብለው ጽፈው ፈረሙ። እትዬ ዘነበች አይሱዙው ላይ ደረሱ። እኛ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ጊዜ ተሰጠን።

የ«ዝለለው» መስመሮችን አንድ በአንድ አጠፋናቸው። ጭነት ሲመዘገብ ከሦስቱ አንዱን ካልያዘ እንዳይፈጠር አደረግን። «ባለቤቱ ራሱ» እንደማንኛውም ተሸካሚ የሚጠራ ሆነ፤ ስም ሲጠየቅ የገዢውን ስም ይመልሳል። «መጋዘን ያለ» ጭነት ደግሞ መውጫ ሲጠየቅበት ገና እንዳልወጣ ወረቀቱን ለምታትመው ጸሐፊ ይነግራታል።

«እትዬ ዘነበችን ተሸካሚ አድርገን ቀጠርናቸው ማለት ነው» አለ ሳምሶን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰልፉ ሳይቆም ዋለ፤ ጋሼ ከድር ወደ እኛ ክፍል አልወጡም። ሥራችን ላይ ቆየን።

ከዚያ ወዲህ ጠቋሚ ባዶ ሆኖ ሳገኝ መጀመሪያ ለምን ባዶ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ምክንያቱ ሁለት ከሆነ፣ ሁለት ስም እሰጠዋለሁ።