ጥቅል ጎመን በጉድጓድ

በስደት በምኖርበት ትሮይቪል ሰፈር ክፍል ያከራዩኝ ሴትዮ ፖላንዳዊት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ በዙሉ ቋንቋ «ጎጎ»፣ ማለትም «አያቴ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። እሁድ ከቸርች ስመለስ ደጃፍ ላይ አስቀምጠው ስለ መንደራቸው ያወሩልኛል። አንድ መንገድ፣ ግራና ቀኝ የእንጨት ቤት፣ ከየቤቱ ጀርባ እንደ መቀነት የቀጠነ የድንችና የአጃ ማሳ። ሁለት ጊዜ ጦር አልፎበታል። ኋላ ደግሞ መንግሥት «መሬታችሁን አንድ ላይ አድርጉ» ቢል ገበሬው አሻፈረኝ አለ። ይህን ሲናገሩ አገጫቸው ቀና ይላል፤ ግትርነታቸው ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ።

እዚያ ብርድ ሊገባ ሲል ጎረቤት ተጠራርቶ ጥቅል ጎመን ይከትፋል። ጨው ተነስንሶበት እንዲቦካ የእንጨት በርሜል ውስጥ ይገባና እግሯን የታጠበች ልጅ ትረግጠዋለች። ያቺ ልጅ እሳቸው ነበሩ። እዚህም መጥተው በየዓመቱ ይሠሩት ነበር፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ግን ተዉት። ዘንድሮ ልጃቸው ቤቱን ሽጠው መጦሪያ እንዲገቡ ሲወተውታቸው፣ «ጎመኔን ከሠራሁ እዚሁ ነኝ፤ ካቃተኝ ሽጠው» አሉት። ደነገጥኩ። ክፍሌንም እሳቸውንም ላጣ ነው።

አብረን ከተፍን። እግሬን ታጥቤ ስረግጥ፣ ለዓመታት ደርቆ የኖረው በርሜል ተሰነጠቀና የጎመኑ ውሃ ወለሉን ሞላው። ጎጎ ወንበር ላይ ዘጭ አሉ።

«በቃ፣ ቤቱም ይሸጥ።»

ጎመኑን በባልዲ ሰብስቤ አሳደርኩት። እኔ የእንሰት አገር ልጅ ነኝ፤ ቆጮ በበርሜል ሲቦካ አይቼ አላውቅም! በነጋታው እሳቸው ክሊኒክ ሲሄዱ ጓሮውን ቆፈርኩ፤ ከጎረቤት የሙዝ ቅጠል ለምኜ ደራርቤ አነጠፍኩ፤ ጎመኑን ጠቅጥቄ ሸፈንኩና ድንጋይ ጫንኩበት።

ሲመለሱ ጮኹብኝ። «ጎመኔን እንደ ሬሳ ቀበርሽው?»

«ሶሪ ጎጎ፣ እናቴ እንዲህ ነው የምታደርገው። ትንሽ ይታገሱኝ» አልኩ። ልጃቸውንም ቤቱን የሚሸጠውን ደላላ እንዲያቆይልኝ ለመንኩት።

ከሳምንታት በኋላ ጉድጓዱን የከፈትን ቀን ልጃቸውም አጠገባችን ቆሟል። የላይኛው ጠቁሮ ስለነበር ገፍፌ ጣልኩት። ከሥሩ ያለው ግን ነጭ ነው፤ ኮምጣጣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ጎጎ በጣታቸው ቆንጥረው ቀመሱና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ለካ በመንደራቸውም ጥንት፣ በርሜል መግዛት ያልቻለ ሰው ጎመኑን በሳንቃ በተለበጠ ጉድጓድ ያቦካ እንደነበር እናታቸው ነግረዋቸው ኖሯል። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

«ጨው አንሶታል» አሉኝ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ለደላላው ደውልና አትምጣ በለው። ይቺ ልጅ ለከርሞ ጠለቅ አድርጋ መቆፈር አለባት።»